በእጅ የሚታሰረው የዕንቅልፍ መመዝገቢያና አረጋውያን ደንበኞቻችን

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ወደ አገራችን ከሚገቡት አነስተኛ የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች መካከል፣ በእጅ አንጓ የሚታሰረው ስማርት ሰዓትና አምባር፣ እንዲሁም በጣት የሚጠለቀው ቀለበት የገዢውን ዐይን እየሳቡ መምጣታቸውን ነጋዴዎቻችን ያውቁታል። ዕቃው በመጀመሪያ የወጣቶች ነበረ፤ ርምጃ ለመቁጠር፣ ለስፖርትና ለጌጥ ይገዛ ነበር። አሁን ግን ዕድሜያቸው ከስድሳ ዓመት ያለፈ አባቶችና እናቶች፣ ወይም ስለ እነርሱ የሚያስቡ ልጆቻቸው ወደ ሱቅ እየገቡ «ዕንቅልፍ የሚቆጣጠረው የቱ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ መስጠት የባለሱቁ ግዴታ ስለሆነ፣ ስለ ዕቃው አሠራር፣ ስለ ጥቅሙና ስለ ወሰኑ፣ ከዚያም ዕቃውን ለማስመጣት ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ ጥቂት ለማስረዳት እንወዳለን።

የቦሌ ቡልቡላ ሰፈር ለነገሩ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሰፈሩ ከቦሌ ዓለም አቀፍ አይሮፕላን ማረፊያ ጋር የተጎራበተ ሲሆን፣ በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹም ሆነ በግል ቤቶቹ ውስጥ ጡረተኞች ይኖሩበታል። በአገራችን ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። ትናንት ቢሮ ውሎ ደክሞት ያንቀላፋ የነበረው ሰው፣ ዛሬ ቀኑን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይውልና ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። በዚያ ላይ የአይሮፕላኑ ድምፅ አለ፤ የውሻው ጩኸት አለ፤ ሌሊቱ ሲጋመስ ከቤተ ክርስቲያን፣ ጎሕ ሲቀድም ከመስጊድ የሚሰማው የድምፅ ማጉያ አለ። ልጆች በውጭ አገር ቢሆኑም በስልክ የሚጠይቁት ይኸንኑ ነው፤ «አባባ፣ ዕንቅልፍ እንዴት ነው?» መልሱ ደስ ካላሰኛቸው፣ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ አንድ አምባር ይልካሉ። አምባሩ የተላከላቸው ሰው ደግሞ ማሰሪያው ሲበጠስ፣ ቻርጀሩ ሲጠፋ፣ ወይም የሚታየው ቁጥር ትርጉሙ ሲጠፋቸው፣ ወደ ሰፈሩ የኤሌክትሮኒክ ሱቅ ይሄዳሉ። እንግዲህ ባለሱቁ ዕቃውን ባይሸጠውም እንኳ ስለ ዕቃው መጠየቁ አይቀርም።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር፣ ሰዓቱ ዕንቅልፍን ራሱን የማያይ መሆኑ ነው። በውስጡ እንቅስቃሴን የሚለካ አንድ አነስተኛ መሣሪያ አለ፤ እጅ በተንቀሳቀሰ ቍጥር ይመዘግባል። ከጀርባው በኩል ደግሞ በቆዳ ላይ አረንጓዴ ብርሃን የምታበራ አምፖልና የተመለሰውን ብርሃን የምትቀበል ዐይን አሉት። ልብ በመታች ቍጥር በደም ሥር ውስጥ የሚያልፈው ደም ስለሚጨምርና ስለሚቀንስ፣ የሚመለሰው ብርሃንም አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ከዚህ የልብ ትርታ ይቆጠራል። አንዳንዶቹ ቀይና ለዐይን የማይታይ ብርሃን ጨምረው በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን ይገምታሉ። እጁ ለረጅም ጊዜ ካልተንቀሳቀሰና የልብ ትርታው ከረጋ፣ መሣሪያው «ይህ ሰው ተኝቷል» ብሎ ይፈርዳል። የሚሰጠው ግምት ነው ማለት ነው።

ቡና ላኪዎቻችን ይህን በቀላሉ ይረዱታል። የቡና ዐዋቂ ጆንያውን ሳይፈታ በክብደቱና በሽታው ስለ ቡናው አንድ አሳብ ሊሰጥ ይችላል፤ አሳቡም ብዙ ጊዜ ከእውነት አይርቅም። ደረጃው የሚወጣለት ግን ናሙናው ተወስዶ፣ ተቆልቶ፣ ተፈልቶ ሲቀመስ ነው። የዕንቅልፍ ቅምሻም እንደዚሁ የራሱ ቤተ ሙከራ አለው። በዚያ ሕመምተኛው ያድርና የአንጎሉ ኤሌክትሪክ፣ የዐይኑ እንቅስቃሴ፣ የጡንቻው መወጠር፣ የትንፋሹ አካሄድ ሁሉ በሽቦ ተያይዞ ሌሊቱን ሙሉ ይመዘገባል። የሰው አንጎል ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1924 በጀርመናዊው ሐኪም በሐንስ በርገር እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ አዘሪንስኪና ክላይትማን የተባሉ የቺካጎ ተመራማሪዎች፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ዐይኑ በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ጊዜ መኖሩን አስታወቁ፤ ሕልም የሚበዛውም በዚያ ጊዜ ነው። ዛሬ በአምባሩ መስኮት ላይ «ቀላል»፣ «ጥልቅ»፣ «ሕልማዊ» እየተባለ በቀለም ተከፋፍሎ የሚታየው ሥዕል ከዚህ ሳይንስ የተወሰደ ነው። ልዩነቱ፣ አምባሩ አንጎልን ሳይነካ ከእጅና ከልብ ተነሥቶ መገመቱ ነው። በጠቅላላው የተኙበትን ሰዓት በመገመት ረገድ ደኅና ይሠራል፤ የዕንቅልፉን ደረጃ በመለየት ረገድ ግን ብዙ ይሳሳታል።

ስሕተቱ በአረጋውያን ላይ የሚበረታበት ምክንያትም አለው። ወጣት ዕንቅልፍ ካጣ ይገላበጣል፣ ይነሣል፣ ስልኩን ያነሣል። ሽማግሌ ግን ብዙ ጊዜ ጸጥ ብሎ ጣራውን እያየ ይተኛል፤ ይጸልያል፤ ያሰላስላል። አምባሩ ይህን ሁሉ እንደ ዕንቅልፍ ይቆጥርለታል። ጧት ሲነሣ «ዐይኔን አልጨፈንኩም» የሚለው ሰው፣ አምባሩን ሲያይ ሰባት ሰዓት ተኝቷል ተብሎ ተጽፎ ያገኘዋል። እጃቸው የሚንቀጠቀጥባቸውና የልብ ትርታቸው የተዛባባቸው ሰዎችም መሣሪያውን ያሳስቱታል። ማሰሪያው ከላላ ብርሃኑ ያመልጣል፤ ከጠበቀ ደግሞ የሽማግሌ ቆዳ ስስ ስለሆነ ያቈስላል። ባለሱቁ አምባሩን በደንበኛው እጅ ላይ ራሱ አስሮ፣ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖሩን ቢያይ መልካም ነው።

ስለ ቆዳ ከተነሣ አንድ ነገር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ ጥናት፣ በሆስፒታል በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ፣ የደማቸው ኦክስጅን በርግጥ ዝቅ ያለባቸውን ጥቁር ሕመምተኞች ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ያህል ሳያስታውቅ እንደሚያልፍ ገለጠ። በዓመቱ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ስለዚሁ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። የሆስፒታሉ መሣሪያ እንዲህ ከሆነ፣ በርካሽ የሚሸጠው አምባር የሚያሳየውን የኦክስጅን ቁጥር የእኛ አገር ሰው እንደ ሐኪም ቃል አድርጎ ሊወስደው አይገባም። ይህን ለገዢ መንገር ሽያጭ የሚያጠፋ መስሎ የሚታያቸው ሻጮች አሉ፤ እኔ ግን የተነገረው ደንበኛ ተመልሶ እንደሚመጣ፣ ያልተነገረው ግን ዕቃውን ይዞ እንደሚመጣ ታዝቤአለሁ።

እንዲህ ከሆነ ዕቃው ምን ይጠቅማል? ይጠቅማል። ከአንድ ሌሊት ቁጥር ይልቅ የአንድ ወር መዝገብ ብዙ ይናገራል። በስንት ሰዓት ተኛ፣ በስንት ሰዓት ተነሣ፣ በሌሊት ስንት ጊዜ ከአልጋው ወረደ የሚለው በተከታታይ ሲታይ፣ ራሱ ባለቤቱ የማያስታውሰውን ልማድ ያወጣል። የደም ግፊት ኪኒናቸውን ማታ የሚወስዱ ሰው በሌሊት አራትና አምስት ጊዜ ለሽንት የሚነሡ ሆነው ቢገኙ፣ ሐኪማቸው የኪኒናውን ዓይነት ወይም ሰዓት ሊመረምር ይችላል። ያለ ሐኪም ፈቃድ ሰዓቱን መለወጥ ግን አይገባም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን በዕንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ ስለሚቋረጥባቸው ሰዎች ነው። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ያንኮራፋል፤ ማንኮራፋቱ ድንገት ይቆማል፤ ጥቂት ቆይቶ በድንጋጤ እንደ ነቃ ሰው አየር ይስባል፤ እንዲህ ሲል ያድራል። ጧት ራሱን ያመዋል፤ ቀን መኪና ሲነዳ ያንቀላፋል፤ የደም ግፊቱም በመድኃኒት አልመለስ ይላል። በእኛ ባህል ማንኮራፋት የሚሣቅበት ነገር እንጂ የሚታከም ነገር ተደርጎ አይታይም። ሚስት ካልተናገረች፣ ባል የሞተባት ባልቴት ከሆነች ደግሞ የሚሰማት ከሌለ፣ ሕመሙ ሳይታወቅ ዓመታት ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካው አስተዳደር የሳምሰንግና የአፕል አንዳንድ ሰዓቶች የዚህን ሕመም ምልክት እንዲጠቁሙ ፈቀደ። የተፈቀደው ጥቆማ ነው፤ በሽታውን ማረጋገጥ የሐኪም ሥራ ሆኖ ይቀራል። ሕክምናውም አለ። እ.ኤ.አ. በ1981 አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሳሊቫን በአፍንጫ በኩል አየር እየገፋ የትንፋሽ መንገድ እንዳይዘጋ የሚያደርገውን መሣሪያ ለዓለም አስተዋወቀ፤ እስከ ዛሬም የሚሠራበት እርሱ ነው።

እዚህ ላይ አስመጪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። እንደዚህ ያለው የጤና ክፍል በየአገሩ ፈቃድ የሚከፈት ስለሆነ፣ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ሁሉ በአዲስ አበባ ይሠራል ማለት አይደለም። ዱባይ ሲገዛ «አለው» የተባለው ሰዓት ቦሌ ሲደርስ ያ ክፍሉ ሳይከፈት ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከማዘዝዎ በፊት ፋብሪካው አገልግሎቱን የሚሰጥባቸውን አገሮች ዝርዝር መመልከትና አንድ ናሙና አስመጥቶ እዚሁ መሞከር ያስፈልጋል። የቀለበቱም ነገር እንደዚሁ ነው። ኦውራ የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ካወጣው ከሦስተኛው ዓይነት ቀለበት ጀምሮ፣ ሙሉውን መዝገብ ለማየት በየወሩ በውጭ ምንዛሪ ክፍያ ይጠይቃል። አንድ የቡልቡላ ጡረተኛ በየወሩ በዶላር እንዲከፍሉ የሚያስገድድ ዕቃ፣ ውጭ ያለ ልጅ ካልከፈለላቸው በቀር የጣት ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

የሰዓት አቈጣጠር ነገር በውጭ አገር መጽሔቶች ተጽፎ አይገኝም፤ ለእኛ ባለሱቆች ግን ዋናው ነው። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከዋሽንግተን ሴት ልጃቸው የላከችላቸውን አምባር ይዘው እኔ ወደምሠራበት መደብር መጡ። አምባሩ «22:30» ላይ ተኙ፣ «5:00» ላይ ተነሡ ይላቸዋል። በእርሳቸው ሰዓት የተኙት ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል፣ የተነሡት ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው። የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ከተብራራላቸው በኋላ ዋናውን ቅሬታቸውን አመጡ። እኒህ ሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ተነሥተው ይጸልያሉ፤ በፍልሰታ ጊዜ ለሰዓታት፣ በዓል ሲሆን ለማኅሌት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ከምሳ በኋላ ጥቂት ያሸልባሉ፤ አጭር ስለሆነ አምባሩ አይቆጥርላቸውም። በዚህ ምክንያት በየማለዳው «ዕንቅልፍዎ ደካማ ነበር» የሚል ቃልና ዝቅተኛ ነጥብ ይታያቸዋል። «አርባ ዓመት እንዲህ ነው የኖርኩት፤ ይህ ዕቃ መጥቶ ዛሬ ሕመምተኛ አደረገኝ» አሉ። ለሱብሒ የሚነሡ፣ በረመዳን ለሱሑር የሚቀመጡ እስላም ደንበኞቻችንም የሚያጋጥማቸው ይኸው ነው። መሣሪያው የተሠራው አንድ ጊዜ ተኝቶ አንድ ጊዜ ለሚነሣ ሰው ስለሆነ፣ የጸሎትን መንቃት ከሕመም መንቃት አይለይም። ለእኒህ መምህር ነጥቡ እንዳይታይ በስልካቸው ላይ ዘጋንላቸውና፣ የተኙበትና የተነሡበት ሰዓት ብቻ እንዲመዘገብ አደረግን።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ ተመራማሪዎች፣ መሣሪያው የሚሰጠውን ቁጥር ለማሻሻል ሲጨነቁ ይብሱን ዕንቅልፍ ያጡ ሰዎችን ሁኔታ ጽፈው ልዩ ስም አውጥተውለታል። ለጭንቀቱ ግን ሁልጊዜ በቂ ምክንያት የለም። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ቶሎ ይደክመዋል፣ ቶሎ ይነቃል፣ ጥልቁ ዕንቅልፉ ይቀንሳል፣ በመካከልም ይባንናል፤ ይህ የተፈጥሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ብሔራዊ የዕንቅልፍ ፋውንዴሽን ባወጣው ምክር፣ ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ከ7 እስከ 8 ሰዓት ይመከራል። በአንድ ቀን ስድስት ሰዓት የተኛና ቀኑን ንቁ ሆኖ የዋለ ሽማግሌ የሚፈራው ነገር የለም። ቀን የሚያንቀላፋ፣ የሚያንኮራፋ፣ ወይም ለሳምንታት ዕንቅልፍ ያጣ ከሆነ ግን አምባር ከመግዛቱ በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ደግሞ የዕንቅልፍ ማጣት መንሥኤ አንዳንድ ጊዜ ከሲኒው ውስጥ ነው። ይህን በቡና ንግድ በሚኖር ሰው ጋዜጣ ላይ መጻፍ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ በአሥር ሰዓት የተፈላ ቡና አቦሉም ቶናውም በረካውም ተጠጥቶ፣ በሦስት ሰዓት ዕንቅልፍ ይመጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ ከመኝታ ስድስት ሰዓት አስቀድሞ የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን ዕንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚያሳጥር አሳይቷል። ላኪዎቻችን አይቆጡ፤ ቡናው ጧት ቢጠጣም ያው ቡና ነው፣ የሚሸጠውም በኪሎ ነው። አምባሩ በዚህ ረገድ ጥሩ ምስክር ይሆናል፤ የከሰዓቱን ቡና ለሁለት ሳምንት ትተው መዝገቡን ያስተያዩ ሰዎች ልዩነቱን በዐይናቸው ያዩታል።

የዕንቅልፍ ኪኒናን በተመለከተ የዕቃ ሻጭ ምንም ምክር እንዳይሰጥ አጥብቀን እናሳስባለን። ለአረጋውያን አብዛኛው የማስተኛ ኪኒን ሌሊት ሲነሡ የሚያንገዳግድና ለስብራት የሚዳርግ ስለሆነ፣ የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበር እንዲወገድ ይመክራል። የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2016 ሥር ለሰደደ ዕንቅልፍ ማጣት በመጀመሪያ የሚሰጠው ሕክምና ልማድንና አስተሳሰብን የሚያርመው የምክር ሕክምና እንዲሆን ወስኗል።

አሁን ወደ ማስመጣቱ ሥራ እንመለስ። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ የነበረው የውጭ ምንዛሪ ችግር ለብዙዎቻችን የሚታወስ ነው፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 38 ዓይነት ዕቃዎች ኤል.ሲ. እንዳይከፈትላቸው ታግደው ነበር። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ እገዳውም ተነሥቷል። ይህ ለአስመጪው በር ከፍቷል፤ የብሩ ዋጋ ግን አብሮ ስለ ተለወጠ፣ በዱሮው ስሌት ዋጋ ቆርጦ ከደንበኛ ቀብድ የተቀበለ ነጋዴ ምን እንደ ደረሰበት ራሱ ያውቀዋል።

በጉምሩክ በኩል ዕቃው «ሰዓት» ተብሎ ስለ ተጠራ ብቻ በምዕራፍ 91 ከእጅ ሰዓቶች ጋር ይመደባል ማለት አይደለም። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ መልእክት የሚለዋወጠው ዓይነት ከመገናኛ መሣሪያዎች ጋር በአንቀጽ 85.17 ሥር ሊታይ ይችላል። ቀረጡ እንደ ምድቡ ስለሚለያይ፣ የዕቃውን ዝርዝር መግለጫ ከፋብሪካው አስመጥቶ ለጉምሩክ ኮሚሽን አስቀድሞ በጽሑፍ ማቅረብ፣ ዕቃው መጋዘን ገብቶ ኪራይ እየቆጠረ ከመከራከር ይሻላል። ዕቃው በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ ስለሆነ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚጠይቀውን የዓይነት ማረጋገጫ መመርመር ያሻል። ባለሥልጣኑ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው።

በአይሮፕላን የሚያስጭኑ ሰዎች ስለ ባትሪው ይጠንቀቁ። በሰዓቱ ውስጥ ያለው ሊቲየም ባትሪ በዓለም አቀፉ የአደገኛ ጭነት ዝርዝር ቁጥር 3481 ተሰጥቶታል። ፋብሪካው ባትሪው የተባበሩት መንግሥታትን 38.3 ፈተና ማለፉን የሚያስረዳ ማጠቃለያ እንዲሰጥ ከእ.ኤ.አ. 2020 መጀመሪያ አንሥቶ ይጠየቃል፤ ይህ ወረቀት የሌለው ጭነት ከመነሻው ሊመለስ ይችላል። ለመለወጫ የሚሆን ባትሪ ለብቻው ማዘዝ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ብቻውን የታሸገ ሊቲየም ባትሪ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ በመንገደኞች አይሮፕላን በጭነት መልክ እንዳይሄድ ተከልክሏል።

ከባዱ ነገር የሐሰት ማስታወቂያ ነው። የማገለግላቸው ነጋዴ ባለፈው ጊዜ ከአንድ የውጭ አገር አቅራቢ የናሙና ሣጥን ደርሷቸው ነበር። ዋጋው እጅግ ርካሽ፣ መልኩም ያማረ ነበር፤ በሣጥኑ ላይ ግን ዕንቅልፍን፣ የደም ግፊትን፣ ከዚያም አልፎ ያለ መርፌ የደም ስኳርን ይለካል ተብሎ ተጽፎበታል። በመደብሩ ውስጥ ስኳር ያለባቸው አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ነበሩ፣ በጣት ደም የሚለካው የራሳቸው መሣሪያና አምባሩ ጎን ለጎን ተሞከሩ። ከቁርስ በፊትና ከቁርስ በኋላ የጣቱ መሣሪያ ቁጥር እጅግ ሲለያይ፣ የአምባሩ ቁጥር አልተነቃነቀም። በኋላም አምባሩን በሞቀ የሻይ ብርጭቆ ላይ ብናስረው ለብርጭቆውም የስኳር ቁጥር አወጣለት። ነጋዴው ትእዛዙን ሰረዙ፤ አቅራቢው ደግሞ ያንኑ ዕቃ ለሌላ ሰው እንደሚሸጥ ጻፈልን።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በየካቲት 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024) ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ቆዳ ሳይበሳ በራሱ የደም ስኳር እንዲለካ የፈቀደው አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት አለመኖሩን ገልጧል። እንግዲህ ኢንሱሊን የሚወጉ አንዲት እናት የዚህን አምባር ቁጥር አምነው መጠኑን ቢያበዙ፣ ስኳራቸው በሌሊት ወርዶ ተኝተው ሊቀሩ ይችላሉ። ሣጥኑን በመደርደሪያ ላይ ያስቀመጠው ባለሱቅ «እኔ አልጻፍኩትም» ቢል አያድነውም። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማችን የሚያሳስት መግለጫ የተከለከለ ነው፤ የማስታወቂያ አዋጁም ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። በሽታን ይመረምራል ወይም ያክማል ተብሎ የሚሸጥ መሣሪያ ደግሞ የሕክምና መሣሪያ ስለሚሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ምዝገባ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በመስኮት ላይ «ዕንቅልፍ ያድናል» ብሎ ከመጻፍ «የዕንቅልፍ ሰዓት ይመዘግባል» ብሎ መጻፍ በሕግም በእውነትም ያስኬዳል።

ሽያጩ ሲፈጸም ከሱቅ ሳይወጡ የሚሠሩ ሥራዎች አሉ። አምባሩ ከደንበኛው ስልክ ጋር መገናኘቱን ማረጋገጥ ቀዳሚው ነው፤ የአፕል ሰዓት ያለ አይፎን እንደማይሠራ የማያውቅ ገዢ ብዙ ነው። የፊደሉን መጠን ማሳደግ፣ በሌሊት የሚበራውን መስኮትና የመልእክት መንቀጥቀጥ መዝጋት፣ የልደት ዘመኑን ወደ አውሮፓ አቈጣጠር መልሶ ማስገባት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ አቈጣጠር እንዳለ ከገባ ሰውየውን በሰባትና በስምንት ዓመት ያስረጃቸዋል፤ የመሣሪያው ግምትም በዚያው ይሄዳል። ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ አንድ ገጽ የአማርኛ መግለጫ አሳትሞ በሣጥኑ ውስጥ የሚያኖር ባለሱቅ ከጎረቤቱ እንደሚበልጥ አልጠራጠርም።

ከዚያ የመዝገቡ ባለቤትነት ይመጣል። ልጅ ከውጭ ሆኖ የእናቱን አምባር በራሱ ስም ከከፈተው፣ እናቲቱ በሌሊት ስንት ጊዜ እንደ ተነሡ፣ የልብ ትርታቸው እንዴት እንደ ነበረ ሁሉ እርሱ ያያል። አንዳንድ እናቶች ይህን ይወዱታል፤ ብቻቸውን እንዳልሆኑ ይሰማቸዋል። ሌሎች ደግሞ «ጓዳዬን ከአሜሪካ ሆኖ ያየኛል» ብለው አምባሩን መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ጥበቃ በሕግ የተደነገገ ሲሆን፣ የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት አንዱ ነው። ባለሱቁ ስልኩን ሲያስተካክል ለልጁ ሳይሆን ለሚያስሩት ሰው «ማን እንዲያይልዎ ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጠይቅ፤ የደንበኛውንም የይለፍ ቃል በሱቁ ደብተር ላይ ጽፎ አያስቀር።

በመጨረሻም ስለ መለዋወጫ፤ የእነዚህ ዕቃዎች ቻርጀር እንደ ስልክ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ ያለ እርሱ ደግሞ አምባሩ በሳምንትና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሞታል። ሃምሳ አምባር የሚያስመጣ ሰው ቢያንስ አሥር ቻርጀርና ከሲሊኮን የጨርቁን ማሰሪያ ጨምሮ ቢያዝ፣ በተለይም ለአረጋውያን የሚከፈትና የሚዘጋው ያለ ብዙ ጣት ጥረት የሆነውን ዓይነት ቢመርጥ፣ ዕቃው በገዢው እጅ ላይ ይቆያል።